ማሽኑ እስኪገባ ማን ይምራን? ለክልላችን ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በዞናችን ሆስፒታል የተቋረጠውን የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ይመለከታል

የተከበሩ የቢሮ ኃላፊ፣

አስቀድመን የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። የሰፈራችን እድር በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ተሰብስቦ ነበር። "ጋሼ፣ እርስዎ መምህር ነበሩ፣ ይጻፉልን" አሉኝ። ከዚህ በፊት ሦስት ማመልከቻ አስገብተናል። ሁለቱ "ገቢ ሆኗል" የሚል ማኅተም አላቸው። የሦስተኛው ዱካ ጠፍቷል። ስለዚህ ይሄኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አደረግነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዞናችን ሆስፒታል ሞራ መግፈፍ ካቆመ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። የዓይን ክፍሉ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። "ዘመናዊ የሞራ ቀዶ ጥገና ማሽን እስኪገባ አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋርጧል። ታካሚዎች ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ሪፈር ይደረጋሉ" ይላል። ወረቀቱን ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆኗል። ማስታወቂያው የተጻፈው ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መሆኑን የለጠፈው ሰው ያሰበበት አይመስለኝም።

የእድራችን መዝገብ ላይ ሐኪም አይቷቸው "ሞራ ነው" የተባሉ ሃያ ሦስት ሰዎች አሉ። አሥራ ስድስቱ ሴቶች ናቸው። አሥራ አንዱ ያለ መሪ ከደጃቸው አይወጡም። ይሄ የአንድ ሰፈር እድር ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውር እንደሆኑ አሳይቷል። ከእነሱ ውስጥ 49.9 በመቶው ዓይናቸውን ያጡት በሞራ ነው። ግማሹ ማለት ነው። ሁላችንም የምንፈራው ትራኮማ እንኳ 11.5 በመቶ ነው ያለው። ከዓይነ ስውሮቻችን ግማሹ በአጭር ቀዶ ጥገና ማየት የሚችል ነው ማለት ነው። ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

አሁን ስለ ማሽኑ ልናገር። ዋናው ቅሬታችን እሱ ነው።

34 ዓመት ሳይንስ አስተምሬአለሁ። ሐኪም ግን አይደለሁም። ያልገባኝን የዓይን ሐኪሞች ጠይቄ ነው የምጽፈው። "ሞራ" የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ዓይን ላይ ከውጭ የተለጠፈ ነገር ያስመስለዋል። ብዙ ሰው በጠብታ ወይም በቅጠል የሚታጠብ የሚመስለው ለዚህ ነው። እኛም ሰፈር ጠበል ተሂዷል፣ ቅጠል ተጨምቋል። የሚታመመው ግን ከብሌኑ ኋላ ያለው የዓይን ሌንስ ነው። እንደ ብርጭቆ የጠራ የነበረው ይደፈርሳል። ያለው መፍትሔ አንድ ነው። የደፈረሰውን አውጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ማስገባት።

ስለዚህ ሌንስ የምነግራቸውን ታሪክ ተማሪዎቼ ይወዱት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎች ነበሩ። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ስብርባሪው ዓይናቸውን እንዳላስቆጣው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። የዛሬው ሕክምና የተነሳው ከዚያ ነው።

ዛሬ የደፈረሰውን ሌንስ ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቢሮዎ የሚጠብቀው ነው፣ ፋኮ ይባላል። ማሽኑ ሌንሱን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ ይመጠዋል። ቁስሉ በጣም ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይድናል። ግን ማሽኑ ውድ ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚጨመሩት ዕቃዎችም ውድ ናቸው። ሁለተኛው በእጅ የሚሠራው ነው። ሐኪሙ ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ ሰያፍ አድርጎ ይከፍታል። ቀዳዳው ሥራው ሲያልቅ በራሱ ይገጥማል፣ ስፌት አያስፈልገውም። የሚፈልገው ጥሩ ማይክሮስኮፕ፣ ንጹሕ ክፍልና የሠለጠነ እጅ ነው። በእኛ ሆስፒታል ሲሠራ የነበረው ይሄ ነው። የእኔም ግራ ዓይን እንዲህ ነው የተሠራው።

"ታዲያ ሁለተኛው ያረጀ ነዋ" ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የኔፓል ጥናት አለ። 108 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በማሽን፣ ግማሾቹ በእጅ ተሠሩ። ሠሪዎቹ በየመንገዳቸው የተካኑ ሐኪሞች ነበሩ፣ ይሄንንም አልደብቅም። ከስድስት ወር በኋላ ሲመረመሩ በሁለቱም ወገን ከመቶ 98ቱ፣ መነጽር ለሚያስፈልገው መነጽር ተሰጥቶት፣ ደህና አድርገው አዩ። በማሽን የተሠራ አንድ ዓይን በአማካይ 15 ደቂቃ ተኩል ወሰደ። በእጅ የተሠራው 9 ደቂቃ። ወጪውም የእጁ አነሰ።

ማሽኑን አንጠላም። ይግባ፣ እሰየው ነው። ግን አዲሱ ልብስ እስኪሰፋ ያለውን አውልቆ ራቁቱን የሚቀመጥ ሰው የለም። ማይክሮስኮፑ አሁን በላስቲክ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ቆሟል። ይሠራል። ባለፈው ሰሞን የጽዳት ሠራተኛዋ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ከቤቷ ባመጣችው ነጠላ ደረበችለት። ከእሷ በቀር የሚያስብለት ሰው አላየንም።

ሁለተኛው ቅሬታችን "ሪፈር" የሚሉት ነገር ነው። ወረቀቱ ነጻ ነው። መንገዱ ግን ነጻ አይደለም።

ጠላ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ አንዲት የእድራችን እናት አሉ። ሪፈር ተጻፈላቸው። ዋናው ከተማ ለመድረስ ከሰፈር ባጃጅ፣ ከመናኸሪያ አውቶብስ፣ እዚያም ሌላ ባጃጅ ነው። ብቻቸውን ስለማይሄዱ ሁሉም በሁለት ይባዛል። መጀመሪያ ሲሄዱ ካርድ አውጥተው ቀጠሮ ይዘው ተመለሱ። ሁለተኛ ሲሄዱ የደም ግፊታቸው ከፍ አለና መድኃኒት ወስደው ተመለሱ። ሦስተኛ ሲሄዱ የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር ተጻፈላቸው። ሌንስ፣ ዓይን ውስጥ የሚገባ ጄል፣ ምላጭ፣ ጠብታ። ሁሉም ከውጭ መድኃኒት ቤት። ሁለት በግ ሸጡ። አልበቃም፣ ከእቁብ ተበደሩ። የማኅበረሰብ ጤና መድን መታወቂያ አላቸው፣ መዋጮአቸውን በየዓመቱ ይከፍላሉ። ደረሰኙን ይዘው ሲመለሱ ግን "ውል ከሌለው መድኃኒት ቤት የተገዛ አንከፍልም" ተባሉ። በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ደግሞ ሌንስ አልነበረም። እንግዲህ ከየት ይግዙ?

የሆነው ሆኖ ተሠራላቸው። ያያሉ። ሁለተኛውን ዓይንስ መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ አንዱ ይበቃኛል። በዚያ ገንዘብ ጌሾ ልግዛበት" አሉኝ። እኔ 67 ዓመቴ ነው፣ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ።

ሒሳቡን በእድሩ ሰብሳቢ ቤት ቁጭ ብለን ሠራነው። እሳቸው ካወጡት ውስጥ ለሕክምናው የሄደው ከግማሽ በታች ነው። ሌላው መንገድ፣ አልጋ፣ ምግብና የአስታማሚዋ የጠፋ የሥራ ቀን ነው። እዚሁ ቢሠራላቸው በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ይመለሱ ነበር።

ከገንዘቡ ሌላ የማይታይ ወጪም አለ። እኔ ካስተማርኩበት ትምህርት ቤት አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ቀርታለች። አያቷን የምትመራው እሷ ናት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች፣ ከዚያ ወፍጮ፣ ከዚያ ውሃ። አያትየዋ የዱላውን አንድ ጫፍ ይይዛሉ፣ ልጅቷ ሌላውን። ሰው "የተባረከች ልጅ" ይላታል። የተባረከችስ ናት። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ፊደል አላየችም። ክፍል ውስጥ ቀድማ እጇን የምታወጣ ልጅ ነበረች። ወንድሟ ይማራል። ለምን እሷ ተመረጠች ብዬ አባቷን ጠየቅሁት። "ሴት ልጅ ይሻላል፣ ትታዘዛለች" አለኝ። ሞራው ያለው አያትየዋ ዓይን ላይ ነው፣ ትምህርቷ የቀረባት የልጅ ልጃቸው ናት። ቢሮዎ በየሩብ ዓመቱ በሚሞላው ቅጽ ላይ ይሄ የሚጻፍበት ሳጥን ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ስለ ባለሙያው ነው። የዞናችን ሆስፒታል አንድ የሞራ ቀዶ ጥገና ባለሙያ ነበረው። ነርስ ሆኖ ጀምሮ ለዚሁ ሥራ በመንግሥት ወጪ የሠለጠነ ነው። የእኔን ዓይን የሠራው እሱ ነው። ሲሠራ ያዜማል፣ ታካሚ ሲፈራ ደግሞ ስለ ከብት ያወራል። ገበሬዎቹ ስለ በሬ ሲከራከሩት ሥራው ያልቃል። ክፍሉ ሲዘጋ ወደ አስተዳደር ቢሮ ተዛወረ። አሁን ሪፖርት ይሞላል። የእጅ ሙያ እንደ ቢላ ነው፣ ካልተሳለ ይደንዛል። እሱም ይሄንን ያውቃል። "ጋሼ፣ አንድ ዓመት ከተጨመረ እኔ ራሴ እንደገና መሠልጠን አለብኝ" ብሎኛል። የግል ክሊኒኮች ጠርተውታል። እስካሁን አልሄደም። ቢሄድ አንፈርድበትም።

ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት መጥተው ብዙ ሰው ሠርተው ስለሚሄዱበት ዘመቻም ልናገር። አንዳንዱ ኃላፊ "ዘመቻ ይመጣላችኋል" ይለናልና። ዘመቻውን አናጣጥልም፣ የመጡትን ፈጣሪ ይስጣቸው። በትግራይ ኲሓ ሆስፒታል የአሜሪካዊው ሐኪም የዶክተር ጂኦፍሪ ታቢን ቡድን ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጋር በጥቂት ቀናት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲሠራ አገር አይቷል። ፋሻው ሲነሳ ያለውን እልልታ ያየ ሰው አይረሳውም። ግን ዘመቻው ከሄደ በኋላ ምን ይሆናል?

አንድ ሸማኔ ጎረቤት አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት በዘመቻ ተሠራለት። ሌንስ እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ዓይን በመሣሪያ ተለክቶ የሚስማማው ቁጥር ይመረጣል። የዚያን ቀን ግን መለኪያው ተበላሽቶ ነበርና ያለው ቁጥር ገባለት። መንገዱን ያያል፣ ሰው ይለያል። ሩቁም ቅርቡም ግን ደብዘዝ ይልበታል። ድርና ማግ መለየት አልቻለም። ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚያየው ሐኪም ቢኖር በመነጽር ይስተካከልለት ነበር። ዘመቻው ግን ያኔ ሌላ አገር ነው። ወረቀት ላይ ይሄ ሰው "የተሳካ ቀዶ ጥገና" ተብሎ ተቆጥሯል። ቤቱ ግን የሸማ ዕቃው ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። እኔን ከጠየቁኝ፣ ዘመናዊ ሕክምና ማለት በትክክል መለካትና ቆይቶም ማየት ነው። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እኔም ራሴ ደርሶብኛል። ግራ ዓይኔ ከተሠራ ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ጭጋግ ለበሰ። ሞራው ተመለሰ ብዬ ደነገጥሁ። ሞራ አይመለስም። ሌንሱን ከኋላ የያዘው ስስ ሽፋን ነው የሚደበዝዘው፣ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። በሌዘር ይከፈታል። ሌዘሩ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ አላመመኝም። ሄጄ ለመመለስ ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እኔ ጡረታ አለኝ፣ ልጆቼም ይደግፉኛል። እነዚያ ሃያ ሦስቱስ?

አሁን ደግሞ የማልዘለው አንድ ነገር አለ። አንዲት እናት ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት ሄደው "ገና ነው፣ ይብሰል" ተብለው ተመለሱ። "ይብሰል" የድሮ ቃል ነው። ዛሬ ሞራ የሚሠራው ሰው ማየት ሲያቅተው፣ ሥራው ሲጓደልበት ነው እንጂ እስኪበስል አይጠበቅም። እሳቸው ግን የታዘዙትን ሰምተው ጠበቁ። በሰለ ሲባል ክፍሉ ተዘግቷል። ከዚያ ሞራው ከልክ በላይ በስሎ የዓይናቸውን ግፊት አናጋው። አንድ ሌሊት ዓይናቸው ቀልቶ፣ ራሳቸውን ይዞአቸው፣ ሲያስመልሳቸው አደሩ። ገንዘብ ተሰባስቦ ዋናው ከተማ እስኪደርሱ ዘጠኝ ቀን አለፈ። የዓይናቸው ነርቭ ሞቷል ተባሉ። አሁን የዓለም ምርጥ ሌንስ ቢገባላቸው አያዩም። ሌላው ዓይናቸው ላይም ሞራ አለ። ሪፈር ወረቀታቸው ከመስቀሉ ጋር አንገታቸው ላይ በጨርቅ ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ይሄ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ከእኛ ያልተሻሉ አገሮች ግን መላ አበጅተውለታል። ስለ ሕንዱ ሐኪም ስለ ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ሳይሰሙ አይቀሩም። የእጆቻቸው ጣቶች በቁርጥማት የተጣመሙ ሰው ነበሩ። በ58 ዓመታቸው ጡረታ ወጡና እ.ኤ.አ. በ1976 ማዱራይ ከተማ ውስጥ አራቪንድ የሚባል የዓይን ሆስፒታል ከፈቱ። አሥራ አንድ አልጋ ነበረው። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሞራ ከሚገፈፍባቸው ተቋማት አንዱ ነው። መክፈል የሚችል ይከፍላል። የማይችል በነጻ ወይም በጥቂት ይታከማል። ክፍሉና አልጋው ይለያያል፣ የሚሠሩት ሐኪሞች ግን ያው ናቸው።

ወጪውን እንዴት ቀነሱት? ሐኪሙ አንዱን ዓይን ሲጨርስ ሌላው ታካሚ ታጥቦ፣ ዓይኑ ደንዝዞ፣ ጎኑ ያለው አልጋ ላይ ይጠብቀዋል። ሐኪሙ ዞር ማለት ብቻ ነው። ልኬቱን፣ ዝግጅቱን፣ ምክሩን የሚሠሩት ከገጠር ተመልምለው የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ናቸው። ድግስ ላይ የሠራ ሰው ይሄ አይገርመውም። ወጥ የምትሠራዋ ሽንኩርት አትልጥም። የላጠችው ሌላ ናት። ለዚህ ነው ሦስት መቶ ሰው በሰዓቱ የሚበላው።

ሌንሱስ? መጀመሪያ ከውጭ ሲመጣ አንዱ ከ100 ዶላር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 አውሮላብ የሚባል የራሳቸውን ፋብሪካ ከፍተው ዋጋውን ወደ 10 ዶላር፣ ኋላም ከዚያ በታች አወረዱት። በኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ውስጥ ዶክተር ሳንዱክ ሩይትና ባልደረቦቻቸው ቲልጋንጋ በሚባለው ማዕከል ይሄንኑ አደረጉ። ሩቅ ነው ካልን ደግሞ አሥመራ አለች። በአውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም በፍሬድ ሆሎውስ ስም የተቋቋመው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 እዚያ የሌንስ ፋብሪካ ከፍቷል። ጎረቤታችን ያኔ ከጦርነት ገና መውጣቷ ነበር።

ይሄን የምጽፈው ፋብሪካ ክፈቱልን ለማለት አይደለም። ርካሽ ሌንስ በዓለም ገበያ አለ ለማለት ነው። እኛ ጋ የሚወደደው አንድ አንድ እየተገዛ ስለሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የመድኃኒት ቤቶቹ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። አንዲት ጠላ ሻጭ ከነጋዴ ጋር ስለ ሌንስ ዋጋ ልትከራከር አትችልም። ቢሮዎ ግን ለሁሉም ሆስፒታሎች በአንድ ላይ ሲገዛ መከራከር ይችላል።

ስለ እድራችን አንድ ነገር ላንሳ። ባለፈው ክረምት አንድ አባላችንን ቀበርን። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተይዞ ነበር። ሌሊት ለሽንት ሲወጡ አዲስ በተቆፈረው የውሃ መስመር ጉድጓድ ውስጥ ወደቁ። እድሩ የሚገባውን ሁሉ አደረገ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ተሰጠ። ከዚያ ሒሳብ ሲወራረድ ገንዘብ ያዣችን ቀና ብላ "በዚህ ብር እኮ ሁለቱንም ዓይናቸውን እናሠራ ነበር" አለች። ቤቱ ጭጭ አለ። ይሄን ደብዳቤ ያጻፈን ያ ቀን ነው። ጥፋቱን ወደ ቢሮዎ ብቻ አንወረውርም። እኛም ስንደራጅ የኖርነው ለቀብር ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይሄን ነው።

አንደኛ፣ ማሽኑ እስኪገባ በእጅ የሚሠራው ቀዶ ጥገና እንዲጀመር። ክፍሉ አለ፣ ማይክሮስኮፑ አለ። የጎደለው የዓይን መለኪያው ጥገናና "ጀምሩ" የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለሙያው ከአስተዳደር ቢሮ ወደ ሙያው እንዲመለስ። እጁ እንዲፍታታ ለጥቂት ሳምንታት ብዙ ሥራ ወዳለበት ሆስፒታል ይላክልን። አብሮትም አንድ ተተኪ ይሠልጥን። አንድ ሰው ቢታመም ዞኑ በሙሉ መታወር የለበትም።

ሦስተኛ፣ ሌንሱና ሌላው ዕቃ በቢሮው በኩል በጅምላ ተገዝቶ ሆስፒታሉ ውስጥ ይቀመጥ። ታካሚ የሚከፍለው አንድ የታወቀ ዋጋ ይሁን። ሌንሱም፣ ጠብታውም፣ ቀጠሮውም በዚያ ውስጥ ይካተት። ዋጋው በር ላይ ይለጠፍ፣ አስታማሚ ያነብላቸዋል። የጤና መድን ያለው ሰው በመታወቂያው ይታከም። ደረሰኝ ይዞ አይንከራተት።

አራተኛ፣ የተሠራላቸው ሰዎች ምን ያህል እንዳዩ ይመዝገብ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 አገሮች ውጤታማ የሞራ ቀዶ ጥገና ሽፋናቸውን እስከ 2030 በ30 የመቶኛ ነጥብ እንዲያሳድጉ ግብ አስቀምጧል። "ውጤታማ" የሚለው ቃል ዝም ብሎ አልገባም። ተሠርቶለት የማያይ ሰው አይቆጠርም ማለት ነው። ሸማኔው ጎረቤቴ እንዴት እንደተቆጠረ ነግሬዎታለሁ።

አምስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ዓይንም ይመርምሩ። በተለይ ጓዳ የቀሩ አሮጊቶችን። ሴት ስትታወር ቤት ውስጥ ስለምትቆይ ማንም አያያትም።

በእኛ በኩል ደግሞ ባዶ እጃችንን አልመጣንም። እድሩ ለዓይን የሚሆን የተለየ መዋጮ ጀምሯል፣ በየወሩ ከቀብር መዋጮው ጋር ይሰበሰባል። ለማይችሉ አባሎች እንከፍላለን። ከገጠር ለሚመጡ ታካሚዎችና አስታማሚዎች የእድሩን አዳራሽ ለማደሪያ እንሰጣለን። ፍራሽ አለን፣ ድስትም አለን። ቀን ቆርጣችሁ ስትነግሩን ሰዎቹን አሰልፈን እናመጣለን። የሃያ ሦስቱ ስምና ዕድሜ ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ለጽሕፈት ቤትዎ ደርሷል።

መልሱን በጽሑፍ እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቃለን። "አይሆንም" ቢሆንም እንኳ ይጻፍልን። ምክንያቱን እናውቀው።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰፈሩ እድር ጸሐፊ
ጡረታ የወጣ የሳይንስ መምህር፣ አንድ ዓይኑ የተሠራ፣ ሌላው ወረፋ ላይ ያለ

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ
ለወረዳችን ምክር ቤት ተወካይ
ለዞኑ የጤና መድን አስተባባሪ
ለእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለዓይን ክፍሉ በር፣ በቢጫው ወረቀት ላይ እንዲለጠፍ